የባሪያ ንግድ እንዴት ተሻረ? የታገሉትስ ሰዎች እነማን ነበሩ?

ስለ ባርነት ክፋት ብዙ ተነግሯል። ነገር ግን ሕግ የፈቀደው፥ ነጋዴ የከበረበት፥ መንግሥትም ቀረጥ የሰበሰበበት አንድ ሥራ በምን ዓይነት ድካም እንደ ተሻረ ብዙ ጊዜ አይነገርም። ዛሬ የምንመለከተው ይህንኑ ነው። ለምሳሌ የምንወስደውም የእንግሊዝን አገር ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አፍሪካውያንን ወደ አሜሪካ በማጋዝ ረገድ የእንግሊዝ መርከቦች ከሁሉ ይበልጡ ስለ ነበረና፥ ንግዱን የሚቃወም ሰፊ የሕዝብ እንቅስቃሴም በዚያው አገር ስለ ተነሣ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ንግዱ ሦስት ጕዞ ነበረው። ከሊቨርፑል፥ ከብሪስቶልና ከለንደን የሚነሡ መርከቦች ጨርቅ፥ ጠመንጃና የብረት ዕቃ ጭነው ወደ ምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ይሄዳሉ። በዚያም ሸቀጡን በሰው ለውጠው ሰዎቹን ወደ ካሪብያን ደሴቶች ያሻግራሉ። ከደሴቶቹም ባሮች ያመረቱትን ስኳር ይዘው ይመለሳሉ። እንግዲህ ለንደን ተቀምጦ ሻዩን የሚያጣፍጥ ሰው፥ ባሪያ ሳያይ፥ የጅራፍም ድምፅ ሳይሰማ የባርነት ተካፋይ ነበረ ማለት ነው።

ነገሩን ቀድመው ካነሡት ሰዎች አንዱ መስፍን ወይም ባለጸጋ አልነበረም። በለንደን የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ጸሐፊ የነበረው ግራንቪል ሻርፕ ነው። ይህ ሰው በ1765 ሐኪም ከነበረው ወንድሙ ቤት ዘንድ ጆናታን ስትሮንግ የሚባል፥ ጌታው ቀጥቅጦ የጣለው ጥቍር ወጣት አገኘ። ወንድማማቾቹ ልጁን አሳክመው ሥራ አስገቡት። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ጌታው ድኖ ባየው ጊዜ አስይዞ ሸጠው። ሻርፕ ልጁን ቢያስፈታም፥ የሕግ ዐዋቂዎች ሕጉ ከጌታው ጋር እንደ ሆነ ነገሩት። እርሱ ግን ጠበቃ ሳይሆን የሕግ መጻሕፍትን ራሱ ሲመረምር ቈይቶ ያገኘውን በ1769 አሳተመ። በ1772 ዳኛው ሎርድ ማንስፊልድ በጄምስ ሶመርሴት ጉዳይ፥ ጌታ ባሪያውን ከእንግሊዝ አገር በግድ አውጥቶ ሊሸጥ አይችልም ሲሉ ፈረዱ። ፍርዱ የባሕሩንም ንግድ የደሴቶቹንም ባርነት አልነካም፤ ነገር ግን የማይነቃነቅ ይመስል የነበረው ግንብ ተሰነጠቀ።

በሜይ ወር 1787 ለንደን ውስጥ ባንድ ማተሚያ ቤት 12 ሰዎች ተሰብስበው የባሪያን ንግድ የሚያስሽር ኮሚቴ አቋቋሙ። ከነርሱም 9ኙ ኩዌከር የሚባለው የክርስቲያን ማኅበር አባሎች ነበሩ። ሊቀ መንበሩም ሻርፕ ሆነ። ኮሚቴው በመጀመሪያ የያዘው ባርነትን በጠቅላላው ሳይሆን ንግዱን ብቻ ነበር፤ ምንጩ ሲደፈን ወንዙ ይደርቃል የሚል ተስፋ ነበረው።

ማስረጃ የመሰብሰቡ ሥራ የተሰጠው ለቶማስ ክላርክሰን ነው። ይህ ሰው በ1785 ሰውን ያለ ፈቃዱ ባሪያ ማድረግ ይገባልን? በሚል ጥያቄ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በላቲን ጽፎ ተሸልሞ ነበር። ለሽልማት የጻፈው ነገር ሕሊናውን ያዘውና ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀውም። በ27 ዓመቱ በፈረስ ተነሥቶ የወደብ ከተሞችን ዞረ። ነጋዴዎቹ የባሪያ መርከብ ለአገሪቱ ባሕር ኀይል መርከበኛ የሚያፈራ ትምህርት ቤት ነው ይሉ ነበር። ክላርክሰን ግን የመርከበኞቹን የስም መዝገብ አንድ በአንድ እያገላበጠ፥ ሥራው መርከበኛ የሚያፈራ ሳይሆን መርከበኛ የሚፈጅ መሆኑን አሳየ። ከሊቨርፑልም ሱቅ የእጅና የእግር ሰንሰለት፥ የአውራ ጣት መጨፍለቂያ፥ እንዲሁም አልበላም ያለን ሰው አፍ በግድ የሚፈለቅቁበትን መሣሪያ ገዝቶ ለምስክርነት አቀረበ።

ትጋቱን ለማወቅ አንድ ነገር ይበቃል። ከአፍሪካ ወንዞች ዳር ሰዎች በታንኳ እየተፈነገሉ መወሰዳቸውን በዐይኑ ያየ አንድ መርከበኛ እንዳለ ሰማ፤ ነገር ግን ስሙን የሚነግረው አላገኘም። ስለዚህ ከወደብ ወደብ እየሄደ ከ300 በላይ የጦር መርከቦችን ፈተሸ፤ በመጨረሻም ሰውዬውን ፕሊመዝ ላይ አገኘው።

ኮሚቴው ብሩክስ የተባለችውን የሊቨርፑል መርከብ ፕላን በ1789 አሳትሞ በተነ። በሥዕሉ ላይ 482 ሰዎች እንደ ዕቃ ተደርድረው ይታያሉ። መርከቧ ግን ቀደም ባለው ጊዜ 609 ሰዎች ጭና ታውቃለች። ሥዕሉን ያየ ሰው ሌላ ማስረዳት አላስፈለገውም።

ይሁን እንጂ ነገሩ የነጮች ቸርነት ብቻ እንዳይመስለን። ኦላውዳ ኢክዊያኖ ባሪያ ሆኖ በመርከብ ሲያገለግል፥ ጥቂት በጥቂት እየነገደ ባጠራቀመው ገንዘብ በ1766 ራሱን ገዝቶ ነጻ የወጣ ሰው ነበር። በ1789 የሕይወቱን ታሪክ አሳትሞ፥ ከከተማ ከተማ እየዞረ ንግግር እያደረገ መጽሐፉን ሸጠ። በሕይወት ሳለም መጽሐፉ ዘጠኝ ጊዜ ታተመ። እስከዚያ ድረስ ስለ ባሮች ብዙ ሰው ተናግሮ ነበር፤ አሁን ግን ባሪያ የነበረው ራሱ ተናገረ።

በዚያን ጊዜ አብዛኛው የእንግሊዝ ሕዝብ እንደራሴ የመምረጥ መብት አልነበረውም። ነገር ግን አቤቱታ መጻፍ ይችል ነበር። በ1792 ብቻ 519 አቤቱታዎች 390 ሺህ ያህል ፊርማ ይዘው ለምክር ቤቱ ቀረቡ። ከ1791 ጀምሮም ብዙ ቤተሰቦች የባሪያ ስኳር አንቀምስም አሉ፤ ክላርክሰን ስኳሩን የተዉትን ሰዎች ቍጥር 300 ሺህ ያህል ብሎ ገምቷል። በዚህም ድምፅ ያልነበራቸው ሴቶች በገበታቸው ላይ ድምፅ ሰጡ።

በምክር ቤት ጉዳዩን የያዙት ዊልያም ዊልበርፎርስ ነበሩ። በ1791 ያቀረቡት ረቂቅ በ163 ድምፅ ለ88 ወደቀ። በ1792 ደግሞ ሌላ ዘዴ መጣ፤ ንግዱ ይሻር፥ ግን ቀስ በቀስ ይሁን የሚል። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፥ ምክሩ የብልህ ምክር ይመስላል። ነገር ግን ዕንቍላሉ እግር እስኪያወጣ ድረስ በመርከብ ሆድ ውስጥ በሰንሰለት የሚቈየው መካሪው አልነበረም። ንግዱ እስኪሻር 15 ዓመት አለፈ። በ1807 ሕጉ በ283 ድምፅ ለ16 ጸደቀ።

ንግዱ ቢሻርም በደሴቶቹ ያሉት ባሮች በባርነታቸው ቀሩ። በ1824 ኤልሳቤጥ ሄይሪክ የምትባል ሴት ነጻነት ዛሬውኑ እንጂ በቀጠሮ አይሁን የምትል ትንሽ መጽሐፍ አሳተመች፤ የሴቶች ማኅበሮችም ሐሳቧን ደገፉ። በ1831 መጨረሻ በጃማይካ ሳሙኤል ሻርፕ የተባለ ባሪያ ሰባኪ፥ ባልንጀሮቹ ደመወዝ ካልተከፈላቸው ከገና በኋላ ሥራ እንዳይገቡ መከረ። ነገሩ ወደ ታላቅ ዐመፅ ተለወጠና በ1832 ተሰቀለ። ደሙ ግን ባርነትን በሰላም ጠብቆ ማቈየት እንደማይቻል ለለንደን አስታወቀ።

በ1833 ሕጉ ወጣ፤ በሚቀጥለውም ዓመት 800 ሺህ ያህል ሰዎች ከባርነት ስም ወጡ። ከስድስት ዓመት በላይ የነበሩት ግን «ተለማማጅ» ተብለው እስከ 1838 ለጌቶቻቸው መሥራት ነበረባቸው። መንግሥቱም 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ ከፈለ። የተከፈለውም ለጌቶቹ እንጂ ለባሮቹ አይደለም፤ እነርሱ አንዲት ሳንቲም አላገኙም። ለዚህ የተወሰደው ብድር ርዝራዡ ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው።

ይህ ነገር ለኛም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1916 ዓመተ ምሕረት በኛ አቈጣጠር የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባርነት ጉዳይ መከራከሪያ ሆኖባት ነበር። በዚያው ዓመት ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት ዐዋጅ ተነገረ፤ ፈጽሞ የተከለከለው ግን በ1934 ነው። በመካከሉ ፋሺስት ኢጣልያ ይህንኑ ነውር ለወረራዋ ሰበብ አደረገችው። በጊዜው ያልታረመ በደል ለጠላት ስንቅ ይሆናል።

ክቡራን አድማጮች፤ ከዚህ ታሪክ የምናየው፥ በደልን የሚሽረው ሰይፍ ወይም ንግግር ብቻ አለመሆኑን ነው። መዝገብ የመረመረ ጸሐፊ፥ ፊርማውን ያኖረ የእጅ ሠራተኛ፥ ስኳር የተወች እመቤት፥ ራሱን ገዝቶ የጻፈ ባሪያ፥ ለነጻነቱ የሞተ ሰባኪ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ሕግ ግን የሚሽረው ሥርዐትን ነው። ዛሬም ቢሆን ሰው ሲቈጣ ባልንጀራውን «ባሪያ» ብሎ ከሰደበ፥ ዐዋጁ ገና ከአንደበቱ አልደረሰም ማለት ነው። ያን ቃል የሚሽር ምክር ቤት የለም፤ የሚሽረው እያንዳንዳችን በየቤታችንና በየመሥሪያ ቤታችን ነው።