የዱቤ ደብተሩ እስከ ሐሙስ ድረስ አለ

ሱዳን፣ ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ ውስጥ ሱቅ ሲታ አካባቢ ቡናና ዘይት የምትሸጥ አንዲት እህታችን አለች እንበል። ማን ስንት እንዳለበት የምትይዘው በደብተር ነው። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ገጾቹን በስልኳ ፎቶ አንሥታ አዲስ አበባ ላለው ወንድሟ ትልካለች። ሳታውቀው ባንኮች ብዙ ገንዘብ የሚያወጡበትን ሥራ እየሠራች ነው፤ ባክአፕ።

የሱዳን ጦርነት የፈነዳው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ነው። ቅዳሜ፣ ለእኛ የፋሲካ ዋዜማ፣ ለጎረቤቶቿ የረመዳን ማብቂያ ሰሞን። ደብተሩ ቤት ቀርቶ እሷ በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ ወጣች ብንል፣ ወንድሟ እጅ ያለው እስከ ሐሙስ ማታ ያለው ብቻ ነው። ዓርብና ቅዳሜ ጠዋት የተጻፈው ጠፍቷል። ባለሙያዎቹ «አርፒኦ» የሚሉት ይህን ወደ ኋላ የሚቆጠረውን ነው፦ ቢበዛ የስንት ጊዜ መዝገብ ቢጠፋብኝ እችለዋለሁ? ጦርነቱ ረቡዕ ማታ ቢጀምር ኖሮ ስድስት ቀን ይሄድባት ነበር። ደግሞ ቀን ሁሉ እኩል አይደለም፤ የፋሲካ ዋዜማ ዱቤ የሌላ ሰሞን የሳምንት ዱቤ ሊያክል ይችላል።

«አርቲኦ» ወደ ፊት ይቆጠራል፦ ተመልሼ ሥራ እስክጀምር ስንት ጊዜ መቆየት እችላለሁ? ሁለቱን የሚያምታታ ሞልቷል፤ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ የሚውሉትም ጭምር።

ልዩነቱ ሱዳን ላይ ፍጥጥ ብሎ የታየው በጥር 2016 መጨረሻ ነው። የስልክ ኩባንያዎቹ ሱዳኒ፣ ኤምቲኤንና ዜን ተከታትለው ተቋረጡ። ዋና ዋና መሣሪያዎቻቸው ውጊያው ባለበት ካርቱም ነበሩ። በንከክ በተባለው የባንክ መተግበሪያ ላይ ያለው ገንዘብ አልጠፋም፤ ግን ኔትወርክ ያጣ ሰው ዳቦ ሊገዛበት አልቻለም። በአርፒኦ ሲለካ ኪሳራው ዜሮ ነው፤ በአርቲኦ ሲለካ ግን ረሃብ። ሱዳኒ ከቀናት በኋላ በፖርት ሱዳን ከፊል አገልግሎት ሲመልስ፣ ሌላ ቦታ ያለው ሰው ስታርሊንክ ፍለጋ ይዞር ነበር።

ወደ ደብተሩ እንመለስ። ሁለቱም ቁጥሮች ዕቅድ ናቸው፤ ቅጂውን አውጥቶ ያልሞከረ ሰው እውነተኛውን አያውቅም። ወንድሟ የሐሙሱን ፎቶ ከፍቶ ሲያጎላው፣ የአምፖሉ ነጸብራቅ ግማሹን ገጽ በልቶታል። እንግዲያው የሚነበበው የዚያኛው ሳምንት ሐሙስ የተላከው ነው።