ከአዘዞ እስከ ቦሌ፤ የአየር ርቀትና የጉዞ ጊዜ

ከጎንደር አዲስ አበባ በአይሮፕላን አንድ ሰዓት ነው ይባላል። ርቀቱ የተጠየቀ እንደ ሆነ ግን መልሱ ይለያያል፤ አንዱ ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል ሲል ሌላው 420 ነው ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። የመጀመሪያው የቈጠረው የመኪናውን መንገድ ነው፤ ይህም ጣናን በምሥራቅ በኩል ታክኮ፥ ጎጃምን አቋርጦ፥ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ በጎሐ ጽዮን የሚወጣው ነው።

የአየሩን ርቀት ለማግኘት ካርታና የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ይበቃል። በአዘዞ የሚገኘው የአፄ ቴዎድሮስ አየር ማረፊያ በሰሜን ኬክሮስ 12 ዲግሪ ከ31 ደቂቃ፥ በምሥራቅ ኬንትሮስ 37 ዲግሪ ከ26 ደቂቃ ላይ ነው፤ ቦሌ ደግሞ በ8 ዲግሪ ከ59 ደቂቃና በ38 ዲግሪ ከ48 ደቂቃ። የኬክሮስ አንዲት ደቂቃ አንድ የባሕር ማይል፥ ማለት 1,852 ሜትር ያህል ስለ ሆነች፥ ወደ ደቡብ 212 ማይል እንጓዛለን። የኬንትሮሱ ልዩነት 82 ደቂቃ ነው፤ ነገር ግን የኬንትሮስ መስመሮች ወደ ዋልታ በቀረቡ ቍጥር ስለሚጠባበቡ በእኛ አገር 80 ማይል ያህል ብቻ ይሆናል። በፒታጎራስ ሕግ ሁለቱን ብናገናኝ 227 የባሕር ማይል፥ ይኸውም 420 ኪሎ ሜትር እናገኛለን። የምድር ክብነት ለዚህ ያህል ርቀት የሚያመጣው ለውጥ ከቍጥር አይገባም።

ጊዜው ግን እንዲህ አይቀልም። አየር መንገዳችን በ1938 ዓ.ም. ሥራ የጀመረባቸው ከጦርነት የተረፉት ሲ 47 አይሮፕላኖች በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያህል ይበሩ ነበርና፥ 420ው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጅባቸዋል። የዛሬው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 በሰዓት እስከ 660 ይበራል፤ በዚህ ፍጥነት 38 ደቂቃ በበቃ ነበር። ሆኖም ሽቅብ ሲወጣና ሲወርድ ፍጥነቱ ያነሰ ነው፤ ወደ ማኰብኰቢያው መሄጃውና ተራ መጠበቂያውም ይቈጠራል፤ ስለዚህ በጊዜ ሰሌዳ የሚጻፈው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከፊት ቢመጣ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ይጨምራል፤ ከኋላ ቢገፋ ያንኑ ያህል ይቀንሳል። (አዘዞ ከባሕር ወለል 1,960 ሜትር ያህል ከፍ ያለ በመሆኑ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ አይሮፕላኑም ለመነሣት ረዘም ያለ ሩጫ ይፈልጋል።)

በእኔ አስተያየት ተሳፋሪውን የሚመለከተው ከቤት እስከ ቤት ያለው ጊዜ ነው። ከፒያሳ አዘዞ ግማሽ ሰዓት፥ ለፍተሻና ለመጠበቅ ሁለት ሰዓት፥ በረራው አንድ፥ ከቦሌ ከተማ ለመግባት ሌላ አንድ ሰዓት ብንይዝ አራት ሰዓት ተኩል ይሆናል። 420ን በዚህ ብናካፍል በሰዓት 93 ኪሎ ሜትር ነው፤ በደልዳላ መንገድ መኪና የሚሄደው ፍጥነት! ለጥምቀት የቀሐ ውሃ ወደ ፋሲል መዋኛ በሚገባበት ሰሞን፥ እንግዳው ሲበዛ፥ ከዚህም ያንሳል።

ለጐብኚ ይህ መጠነኛ ድካም ነው፤ ከጎንደር ሆስፒታል ወደ አዲስ አበባ ለተላከ በሽተኛ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በመኪና ሙሉ ቀን ተኝቶ መንገላታት አይችልምና። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ውጊያ በተነሣ ጊዜ የጎንደር በረራ ለጥቂት ቀናት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ በየብስ መሄድም ስለሚያሠጋ፥ በሽተኛው የሚጠብቀው በረራው እስኪከፈት ነው።