ቡና የተባለው ኮከብና የማይታየው ፕላኔቱ

ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የተመሠረተበትን 100ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ እ.ኤ.አ. በ2019 ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት የመሰየም ዕድል በሰጠ ጊዜ፣ ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቱ «አቦል» ተብለዋል። ከዚያ በፊት ኮከቡ የሚታወቀው ኤችዲ 16175 በሚል የመዝገብ ቁጥር ነበር። ስሞቹ ለተማሪ ጆሮ ቅርብ በመሆናቸው በክፍል ውስጥ መነሣታቸው አይቀርም፤ ሲነሡም አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ያስከትላሉ። አቦልን በዓይኑ ያየ የለም። ታዲያ መኖሩ እንዴት ታወቀ?

መምህሩ «ሊቃውንት ደርሰውበታል» ብሎ ቢያልፍ፣ ተማሪው የሚቀስመው ሳይንስን ሳይሆን የሰው ቃል መቀበልን ነው። መልሱ ግን ከስበትና ከሞገድ ትምህርት የራቀ አይደለም።

ፕላኔት ኮከብን ይዞራል ሲባል ኮከቡ ፈጽሞ አይነቃነቅም ማለት አይደለም። ሁለቱም የሚዞሩት የጋራ የክብደት ማእከላቸውን ነው። አንድ ጎልማሳና አንድ ሕፃን እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢሽከረከሩ፣ ሕፃኑ ሰፊ ክብ ሲሠራ ጎልማሳውም በቆመበት አካባቢ ጠባብ ክብ መሥራቱ አይቀርም፤ ይህንንም ያለ አንዳች መሣሪያ በትምህርት ቤት ሜዳ ማሳየት ይቻላል። ቡና ከፀሐይ ጋር የሚመሳሰል፣ ጥቂትም የሚገዝፍ ኮከብ ነው። ቢሆንም አቦል በሴኮንድ እስከ 100 ሜትር ገደማ በሚደርስ ፍጥነት አንድ ጊዜ ወደ ምድር፣ አንድ ጊዜ ከምድር ወዲያ ያወዛውዘዋል።

የኮከብ ብርሃን በኅብረ ቀለሙ ሲዘረጋ የየንጥረ ነገሩ ምልክት የሆኑ ጥቋቁር መስመሮች ይታዩበታል። ኮከቡ ሲቀርብ መስመሮቹ ወደ ሰማያዊው፣ ሲርቅ ወደ ቀዩ ፈቀቅ ይላሉ። የአምቡላንስ ድምፅ ሲቀርብ ቀጥኖ፣ ካለፈ በኋላ ወፍሮ መሰማቱም በዚሁ በዶፕለር ሕግ ነው። ብርሃን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ 100 ሜትር የሚያስከትለው ፈቀቅታ ከሞገዱ ርዝመት የሦስት ሚሊዮን አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። በዚያ ላይ ምድር ራሷ ፀሐይን ስትዞር በሴኮንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትጓዝ፣ ይህ ሁሉ ከልኬቱ ተቀናሽ መሆን አለበት። በካሊፎርኒያ የሊክ ኦብዘርቫቶሪ ኮከቡን ለዓመታት ከለኩ በኋላ ተመራማሪዎች ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ አደረጉ።

ውዝዋዜው በየ990 ቀኑ ገደማ ይደጋገማል፤ የአቦል ዓመት ይኸው ነው። የፍጥነቱ ለውጥ ለረዥም ጊዜ አዝግሞ ከቆየ በኋላ ድንገት ስለሚጣደፍ፣ ምኅዋሩ እንደ እንቁላል የሞለለ መሆኑ ታውቋል። አቦል ወደ ኮከቡ ሲጠጋ ርቀቱ ምድር ከፀሐይ ካላት ያነሰ ነው፤ ሲርቅ ግን ከዚያ ከሦስት እጥፍ ይበልጣል።

ስለ መጠነ ቁሱ የሚሰጠው አኃዝ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በዚህ ዘዴ የሚለካው ወደ ምድርና ከምድር የሚደረገው እንቅስቃሴ ብቻ በመሆኑ፣ ምኅዋሩ ያዘመመ ከሆነ ከፊሉ ሳይለካ ይቀራል። ስለሆነም አቦል «ከጁፒተር ቢያንስ አራት እጥፍ» ይባላል። «ቢያንስ» የሚለውን ቃል ከጥቁር ሰሌዳው መፋቅ አኃዙን ሐሰት ያደርገዋል።

ቡና በአንድሮሜዳ ኅብረ ኮከብ ውስጥ ስለሚገኝ በታኅሣሥና በጥር ምሽቶች ከኢትዮጵያ በስተሰሜን ሊፈለግ ይችላል። ለባዶ ዓይን ደብዛዛ ቢሆንም ባለ ሁለት ዓይን መነጽር ይበቃዋል። ርቀቱ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ስለሚጠጋ፣ ዛሬ በመነጽሩ የሚገባው ብርሃን ከኮከቡ የተነሣው በዘመነ መሳፍንት ነው።