ስለ ማረጥና በዚያ ጊዜ ለሴቶች ስለሚያስፈልገው ርዳታ

በብዙ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ይታያል። ዕድሜዋ ወደ 50 ዓመት የተጠጋ እመቤት፥ ቤቷን በደግ ስታስተዳድር ኖራ፥ ልጆቿንም ድራ ኵላ ካሳረፈች በኋላ፥ ሌሊት በድንገት ፊቷና ደረቷ እንደ እሳት ይግላል፤ ላብ ያጠምቃታል፤ ጋቢዋን ገልጣ ትነሣለች፤ ጥቂት ቆይቶም ይበርዳትና መልሳ ትከናነባለች። እንቅልፍ ስላጣች በማግሥቱ ትቈጣለች፤ ነገርም ትረሳለች። ባልየው ጠባይዋ የተለወጠ ይመስለዋል፤ እርስዋም ወባ ይሆን ወይስ ሌላ ደዌ እያለች ለብቻዋ ትጨነቃለች። ሁሉም ዝም ስለሚሉ ቤቱ ያለ በደለኛ ይታወካል።

የዚህ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ማረጥ ነው። ማረጥ ማለት ልማደ አንስት ፈጽሞ መቋረጡ ነው፤ አንዲት ሴት አረጠች የሚባለውም ያለ ሌላ ምክንያት 12 ወር ሙሉ የወር አበባ ሳታይ ስትቀር ነው። ይህም በአብዛኛው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይደርሳል። ማረጥ እንደ ጕርምስና ያለ የዕድሜ ደረጃ ስለ ሆነ ደዌ ተብሎ አይጠራም፤ ነገር ግን ደዌ አለመሆኑ ሥቃይ የለበትም ለማለት እንደማያበቃ መታወቅ ይገባዋል።

ሴት ልጅ ስትወለድ፥ በማሕፀን ግራና ቀኝ ባሉት ሁለት የዕንቍላል ማኅደሮች ውስጥ ከ1 ሚሊዮን የማያንስ የዘር ዕንቍላል ይዛ ትወለዳለች፤ ይህም ሀብት ከዓመት ወደ ዓመት ይጐድላል እንጂ አይጨመርበትም። እነዚሁ ማኅደሮች ኤስትሮጅንና ፕሮጀስትሮን የሚባሉትን ሆርሞኖች ያመነጫሉ። ሆርሞን ማለት በአንድ የሰውነት ክፍል ተሠርቶ፥ በደም እየተጓዘ፥ ሌላውን ክፍል የሚያዝ መልእክተኛ ነው፤ ስሙንም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1905 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሊቅ ኤርነስት ስታርሊንግ ማነሣሣት ከሚል የጽርእ ቃል አወጣው። ዕንቍላሎቹ እያለቁ ሲሄዱ፥ ኤስትሮጅን አንድ ጊዜ ከፍ አንድ ጊዜ ዝቅ ሲል ቆይቶ በመጨረሻ ይቀንሳል። በዚያን ጊዜ በአንጎል ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚቈጣጠረው ስፍራ ጥቂቱን ሙቀት እንደ ብዙ ይቈጥረዋል፤ ስለዚህ ደም ወደ ቈዳ ይጐርፋል፤ ላብም ይፈልቃል። አጥንትም ካረጡ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፈጥኖ ይሳሳል።

ለዚህ የተገኘው መድኃኒት ታሪክ አለው፤ ዓመታቱም ሁሉ በዚያው በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በ1929 ዓ.ም. አሜሪካዊው ኤድዋርድ ዶይዚና ጀርመናዊው አዶልፍ ቡተናንት፥ በየበኩላቸው፥ ኤስትሮን የሚባለውን የኤስትሮጅን ዓይነት ለይተው አወጡ። በ1942 ዓ.ም. ካረገዘች ባዝራ ሽንት የተነጠረ ኤስትሮጅን በአሜሪካ ለሽያጭ ተፈቀደ። በ1975 ዓ.ም. ግን ኤስትሮጅንን ብቻውን መውሰድ የማሕፀንን ካንሰር እንደሚያበዛ ተገለጠ፤ ስለዚህ ማሕፀን ላላት ሴት ፕሮጀስትሮን ወይም መሰሉ አብሮ ይሰጣት ጀመር። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ ከ16 ሺህ የሚበልጡ ሴቶች የገቡበት ትልቅ ምርመራ፥ ሁለቱን መድኃኒቶች አብረው ከወሰዱት መካከል የጡት ካንሰርና የደም መርጋት የያዛቸው ካልወሰዱት በልጠው ስለ ተገኙ፥ ቀኑ ሳይደርስ ተቋረጠ።

ወሬው በተሰማ ጊዜ ብዙ ሴቶች ፈርተው መድኃኒቱን ተዉ። ነገሩ እንደገና ሲመረመር ግን፥ የእነዚያ ሴቶች አማካይ ዕድሜ 63 ዓመት እንደ ነበረ፥ ብዙዎቹም ካረጡ ዘመን እንዳለፋቸው ልብ ተባለ። ዛሬ የሐኪሞች ማኅበራት እንደሚመክሩት፥ ዕድሜዋ ከ60 ዓመት በታች ለሆነ ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት፥ ሥቃይም ለበዛባት ጤነኛ ሴት፥ ጥቅሙ በአብዛኛው ከጉዳቱ ይበልጣል። የጡት ካንሰር፥ የደም መርጋት፥ የልብ ወይም የጉበት ደዌ ያገኛት ሴት ግን አትወስደውም፤ ለእርስዋ ሆርሞን የሌለባቸው ሌሎች መድኃኒቶች አሉ። ስለዚህ ጎረቤት የወሰደችውን ለራስ መውሰድ፥ ወይም ጎረቤት የፈራችውን መፍራት፥ ሁለቱም ስሕተት ነው።

ሆርሞን ያስተካክላል ተብሎ በየገበያው የሚሸጠውንም ቅጠልና ዱቄት ሁሉ ማመን አይገባም። ከ45 ዓመት በላይ ለሆነች ሴት የሆርሞን መጠን በደም መመርመር ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ ምክንያቱም መጠኑ ከቀን ወደ ቀን ይለዋወጣል። ሐኪሙ የሚመራው በሕመሟ አነጋገር ነው።

በቤት ውስጥ ግን ብዙ ማድረግ ይቻላል። የመኝታ ቤቱን ነፋስ እንዲገባው ማድረግ፥ በከባድ ጋቢ ፈንታ ስስ ልብስ መደራረብ፥ ማታ ማታ ቡናን፥ ጠጅንና በርበሬ የበዛበትን ወጥ ሕመሙን የሚያነሣሣባት እንደ ሆነ መቀነስ፥ ትንባሆን መተው ይጠቅማል። ለአጥንት ደግሞ በየቀኑ በእግር መሄድ፥ ወተትና እርጎ መጠጣት፥ የጤፍ እንጀራ መብላት መልካም ነው።

ሦስት ነገሮች ግን ፈጽሞ መዘንጋት የለባቸውም። ካረጡ በኋላ ደም የታየ እንደ ሆነ፥ ጥቂትም ቢሆን፥ የካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ፈጥኖ ለሐኪም ማሳየት ይገባል። ከ40 ዓመት በፊት አበባ ቢቋረጥም እንዲሁ ሐኪም ይጠየቃል። 12 ወር ሳይሞላም ፅንስ ሊመጣ ይችላል።

ባለትዳሮች ሆይ፥ የቤታችሁ እመቤት ሌሊት ስትነሣ ብታዩ፥ ምን ሆንሽ ብላችሁ በርኅራኄ ጠይቁ። እናንተም እመቤቶች፥ ይህን ሥቃይ እንደ ነውር አትሰውሩት። ለሐኪም የተነገረ ሕመም መፍትሔ ሊገኝለት ይችላል፤ የተደበቀ ግን ለባለቤቱም ለቤተ ሰቡም ሸክም ሆኖ ይቀራል።