ያሸነፈ አሠልጣኝ ዘዴውን መለወጥ ይገባዋልን?

የተሸነፈ አሠልጣኝ ዘዴውን ቢለውጥ የሚደነቅ ሰው የለም፤ የሚያስደንቀው ባይለውጥ ነው። ችግሩ ካሸነፈው ላይ ነው። ዋንጫው በክለቡ ቤት ተቀምጦ፣ ሕዝቡ ስሙን እያነሣ እያጨበጨበለት፣ ተጫዋቾቹም ሥራቸውን አሳምረው ለምደውት ሳለ፣ «ከእንግዲህ እንዲህ አንጫወትም» ብሎ መነሣት ይገባዋልን? የእንግሊዝን ሊግ በቴሌቪዥን ከሚመለከቱት ወጣቶቻችን መካከል በዚህ ነገር ተከራክሮ የማያውቅ ማግኘት ያስቸግራል። ገሚሱ፣ ሰው ባሸነፈበት መንገድ ይቀጥል ይላል። ገሚሱ ደግሞ፣ ተጋጣሚ እያጠናህ ዝም ብሎ መቀመጥ ሞኝነት ነው ይላል።

ክርክሩ በጩኸት የሚቈረጥ ስላልሆነ፣ በሜዳ ላይ በእርግጥ የተደረገውን መመርመር ይሻላል ብለን ከእንግሊዝ እግር ኳስ ታሪክ ጥቂት ሰዎችን መርጠናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ሚስተር ኸርበርት ቻፕማን ናቸው። ሃደርስፊልድ ታውን የተባለውን ቡድን ይዘው በ1924 እና በ1925 የእንግሊዝን ሊግ በተከታታይ ካሸነፉ በኋላ ወደ አርሰናል ተዛወሩ። በዚያው በ1925 የጨዋታው ሕግ ተለወጠ። ቀደም ሲል ለአንድ አጥቂ ኳስ ሲላክለት፣ ከእርሱና ከግቡ መሥመር መካከል ቢያንስ ሦስት ተጋጣሚዎች ካልኖሩ ኦፍሳይድ ይባል ነበር። ተከላካዮች ይህን ዐውቀውበት አንደኛው ጥቂት ወደ ፊት በመራመድ ብቻ አጥቂውን ያጠምደው ስለ ነበረ፣ ጨዋታው በፊሽካ እየተቈራረጠ ተመልካቹን አሰለቸ። ስለዚህ ሦስት የነበረው ወደ ሁለት ዝቅ ተደረገ። ውጤቱም ወዲያው ታየ። በአንደኛው ዲቪዚዮን በ1924-25 የውድድር ዘመን የተቈጠሩት ግቦች 1192 ሲሆኑ፣ በሚቀጥለው ዘመን 1703 ሆኑ።

ኦክቶበር 3 ቀን 1925 አርሰናል በኒውካስል ሜዳ 7 ለ 0 ተሸነፈ። በቡድኑ ውስጥ ቻርሊ ባካን የተባለ ልምድ ያለው አንጋፋ ተጫዋች ነበረ። የእርሱ አሳብ ሴንተር ሃፉ ወደ ኋላ ተመልሶ ከሁለቱ ተከላካዮች መካከል ይቁም የሚል ነበር። ዛሬ ለምንመለከተው ሰዎች ይህ ቀላል ነገር ይመስለናል። በዚያን ዘመን ግን ሴንተር ሃፍ ማለት የቡድኑ አውራ ነበረ፤ ከሜዳው መሀል ሆኖ ሲያሻው ያጠቃል፣ ሲያሻው ይከላከላል። እርሱን ከዚያ አንሥቶ በግብ ጠባቂው ፊት እንደ ዘበኛ ማቆም የጨዋታውን ሥርዐት መገልበጥ ነበር። ሚስተር ቻፕማን አሳቡን ተቀበሉ። ከሁለት ቀን በኋላ አርሰናል ዌስት ሃምን 4 ለ 0 አሸነፈ።

ከዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ማለት ይገባል። አንደኛው፣ አሳቡ የመጣው ከአሠልጣኙ ሳይሆን ከተጫዋቹ መሆኑ ነው። ሁለት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ሰው ከበታቹ ምክር ሲቀበል ማየት በእግር ኳስ ብቻ ሳይሆን በቢሮም ቢሆን ዘወትር የሚገኝ ነገር አይደለም። ሁለተኛው፣ ለውጡ ሌላ ለውጥ መጥራቱ ነው። ሴንተር ሃፉ ወደ ኋላ ሲሄድ የሜዳው መሀል ባዶ ሆነ፤ ባዶውን ለመሙላት ከአጥቂዎቹ አንዱ ወደ ኋላ መሳብ ነበረበት። ይህን ሥራ በሙሉ ብቃት የሚሠራው አሌክስ ጄምስ ከፕሬስተን የተገዛው በ1929 ነው። የእንግሊዝ ዋንጫ በ1930፣ የሊጉ ሻምፒዮንነት ደግሞ በ1931 እና በ1933 መጣ። እንግዲህ ዘዴው ሲወጠን በሁለት ቀን፣ ሲያፈራ ግን በአምስት ዓመት ነው። የሚያስቀው ነገር ደግሞ፣ ሚስተር ቻፕማን ትተውት የሄዱት ሃደርስፊልድ በ1926 እንደገና፣ ለሦስተኛ ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን ሲሆን፣ አርሰናል ሁለተኛ ወጣ። በዚያ ዓመት ሰውዬውን የተቸ ሰው ማስረጃ አላጣም ነበር።

አሰላለፉ ከላይ ሲታይ የላቲኖቹን ደብሊውና ኤም ፊደሎች ስለሚመስል «ደብሊው ኤም» ተብሎ እንግሊዝን ሁሉ አዳረሰ። ሚስተር ቻፕማን በ1934 ሲሞቱ ሌሎች ክለቦች ይኮርጁት ነበር። መድኃኒት የነበረው ቀስ በቀስ ሃይማኖት ሆነ ብንል ያጋነንን አይመስለንም። ምክንያቱም የተሠራለት በሽታ ምን እንደ ነበረ የሚጠይቅ እየጠፋ ሄዷል።

ኖቬምበር 25 ቀን 1953 ሐንጋሪ ወደ ለንደን ዌምብሊ መጣች። እንግሊዝ በገዛ ሜዳዋ ከብሪታንያና ከአየርላንድ ደሴቶች ውጭ ላለ ቡድን ተሸንፋ አታውቅም ነበር። የሐንጋሪው አሠልጣኝ ጉስታቭ ሼበሽ ሴንተር ፎርዋርዱን ሂደግኩቲን ዘጠኝ ቊጥር አልብሰው ወደ ሜዳው መሀል ሳቡት። ሚስተር ቻፕማን ወደ ኋላ ያቆሙት ሴንተር ሃፍ ሥራው ዘጠኝ ቊጥሩን መጠበቅ ነው። በዚያን ቀን በቦታው የተሰለፈው ሃሪ ጆንስተን የሚጠብቀውን ሰው በፊቱ አላገኘውም። ተከትሎት ቢሄድ ከኋላው ያለው በር ይከፈታል፤ ቢቀር ሂደግኩቲ በነጻነት ኳስ ያከፋፍላል። እንግሊዝ 6 ለ 3 ተሸነፈች፤ ሂደግኩቲ ብቻውን 3 አገባ። ከስድስት ወር በኋላ በቡዳፔስት መልሰው ሲገናኙ ውጤቱ 7 ለ 1 ሆነ። ለመጀመሪያው ሽንፈት ሰው ሊታዘን ይችላል፤ ለሁለተኛው ግን ማዘን ያስቸግራል።

በዚያ የዌምብሊ ጨዋታ ከእንግሊዝ በኩል በፍጹም ቅጣት ምት አንድ ግብ ያገባው የቀኝ ተከላካይ አልፍ ራምሴይ የሚባለው ነበረ። ለጉዳያችን ዋና ሰው እኒህ ናቸው።

ሚስተር ራምሴይ መጫወት ትተው በ1955 የኢፕስዊች ታውን አሠልጣኝ ሲሆኑ ቡድኑ በሦስተኛው ዲቪዚዮን ነበረ። በ1961 የሁለተኛው ዲቪዚዮን ሻምፒዮን ሆኖ ወጣ፤ በ1962 በአንደኛው ዲቪዚዮን በመጀመሪያ ዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ። ታዲያ ገንዘብ የሌለው የትንሽ ከተማ ክለብ ይህን እንዴት አደረገ? ምሥጢሩ በግራ ክንፍ በሚጫወተው በጂሚ ሌድቤተር ነበረ። ሌድቤተር ቀጭንና ፈጣን ያልሆነ ሰው ነው። የክንፍ ተጫዋች ደግሞ ዋና ሀብቱ ፍጥነት ነው። ሚስተር ራምሴይ ሰውየው የሌለውን ከመጠየቅ ያለውን መጠቀም መረጡ። ሌድቤተር ወደ ራሱ ሜዳ ይመለሳል፤ የሚጠብቀው ተከላካይ ይከተለው ወይም ይቅር ሳያውቅ ሲያመነታ፣ ኳሱ በረጅሙ ለሁለቱ ጠንካራ አጥቂዎች ለሬይ ክሮፎርድና ለቴድ ፊሊፕስ ይላካል። ሁለቱ በዚያ ዓመት በሊጉ 61 ግብ አገቡ። ሂደግኩቲ በዌምብሊ መሀል ያደረገውን ሌድቤተር በሜዳው ጠርዝ ደገመው ማለት ይቻላል። ራምሴይ በዚያ ቀን ከተሸናፊዎቹ መካከል ቆመው ያዩት ነገር በከንቱ አልቀረም።

አሁን የተጋጣሚያቸውን የቢል ኒኮልሰንን ነገር እንመልከት። ሚስተር ኒኮልሰን በ1961 ቶተንሃምን የሊጉንና የእንግሊዝን ዋንጫ በአንድ ዓመት ያስገኙ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረጉ አሠልጣኝ ናቸው። ከእርሳቸው የበለጠ በራሱ ዘዴ ሊኮራ የሚገባው ሰው አልነበረም። በ1961-62 ቶተንሃም ኢፕስዊችን ሁለት ጊዜ ሲገጥም የለመደውን የራሱን ጨዋታ ተጫወተ፤ በኢፕስዊች 3 ለ 2፣ በለንደን 3 ለ 1 ተሸነፈ። ዓመቱ ሲያልቅ ኢፕስዊች 56 ነጥብ፣ በርንሊ 53፣ ቶተንሃም 52 ነበራቸው።

አንባቢያችን እርሳሱን ያንሣና ያስላው። በዚያን ጊዜ ያሸነፈ የሚያገኘው 2 ነጥብ ነበር። የሁለቱ ጨዋታዎች ድል ወደ ቶተንሃም ዞሮ ቢሆን ኖሮ ቶተንሃም 56፣ ኢፕስዊች 52 ይሆኑና ሻምፒዮኑ ቶተንሃም ይሆን ነበር። በሠላሳ ስምንት ጨዋታ ሳይሆን ከ42 ጨዋታ መካከል በሁለቱ ብቻ ትንሽ ዘዴ አለመለወጥ አንድ ዋንጫ አስቀረ ማለት ነው።

ኦገስት 11 ቀን 1962 የአዲሱ ዘመን መክፈቻ በሆነው በቻሪቲ ሺልድ ሁለቱ እንደገና ተገናኙ። በዚህ ጊዜ ሚስተር ኒኮልሰን የመሀል ተጫዋቾቻቸውን የኢፕስዊችን የክንፍ ተጫዋቾች እንዲጠብቁ አዘዙ፤ ነጻ የሆኑት የዳር ተከላካዮች ደግሞ ወደ ውስጥ ገብተው ክሮፎርድንና ፊሊፕስን እንዲይዙ አደረጉ። ወጥመዱ ከነገመዱ ተበጠሰ። ቶተንሃም 5 ለ 1 አሸነፈ። ልብ እንበል፤ ሚስተር ኒኮልሰን ቶተንሃምን ሌላ ቡድን አላደረጉትም። ኳሱን ሲያገኙ የሚጫወቱት ያንኑ የቀድሞውን ነው። የለወጡት ኳሱ በተጋጣሚው እግር ሳለ ማን ማንን እንደሚይዝ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ምሥጢሩ የአደባባይ ሆነ። ኢፕስዊች በ1962-63 17ኛ ወጣ፤ በ1964 የመጨረሻ ሆኖ ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ወረደ። ሚስተር ራምሴይ ግን በዚህ መካከል የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ሆነው ሄደው ነበርና፣ ጥፋቱን ሁሉ በእርሳቸው መጫን አይገባም። ደግሞስ ምን ሊያደርጉ ይችሉ ነበር? ያ ዘዴ ለሌድቤተርና ለሁለቱ አጥቂዎች በልካቸው የተሰፋ ልብስ ነበረ። ልብሱን መለወጥ ሰውን መለወጥ ነው፤ ሰው ለመለወጥ ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል። «ይለውጥ» የሚለው ተከራካሪ ብዙ ጊዜ ይህን ይረሳል።

በ1966 የዓለም ዋንጫ ራምሴይ ራሳቸውን አረሙ። በምድቡ ሦስት ጨዋታዎች ሦስት የተለያዩ የክንፍ ተጫዋቾችን ሞከሩ፤ አንዳቸውም አላረካቸውም። ከሩብ ፍጻሜው ጀምሮ ያለ ክንፍ ተጫዋች አሰለፉ። ጁላይ 30 ቀን ምዕራብ ጀርመንን 4 ለ 2 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። ያቺ የክንፍ ተጫዋች አገር ያለ ክንፍ ተጫዋች የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በሚቀጥለው ዓመት ሰር ተብለው ተሾሙ። የሰር አልፍ መጨረሻ ግን አሳዛኝ ነው። በ1972 ምዕራብ ጀርመን በዌምብሊ 3 ለ 1 አሸነፈቻቸው፤ በ1973 ኦክቶበር ከፖላንድ ጋር 1 ለ 1 ወጥተው እንግሊዝ ከ1974ቱ የዓለም ዋንጫ ቀረች፤ እርሳቸውም በ1974 ተሰናበቱ። በዚያች የፖላንድ ሌሊት እንግሊዞች ጨዋታውን ሙሉ ሲያጠቁ ስላመሹ፣ ዘዴው ነው የጣላቸው ብሎ መማል አይቻልም። ከጀርመን ጋር የሆነው ግን ሌላ ነው። በዚያ ጨዋታ እግር ኳስ አልፏቸው ሄዶ ነበር።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ለለዋጮቹ የሚያደላ ይመስላል። ስለዚህ የዘመናችንን ሰው ፔፕ ጓርዲዮላን እናምጣ። ሜይ 29 ቀን 2021 ማንቸስተር ሲቲ በፖርቶ ከተማ ከቼልሲ ጋር ለአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ተገናኘ። ሲቲ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ነበረ። ዓመቱን ሙሉ በተከላካዮቹ ፊት ሮድሪ ወይም ፈርናንዲንዮ ሲቆም ቆይቶ፣ በዚያች ሌሊት ሁለቱም ከመጀመሪያው አሰላለፍ ቀሩ። ሲቲ 1 ለ 0 ተሸነፈ። እርግጥ ቼልሲ በዚያ ወርና ከዚያ በፊት በነበረው ወር ሲቲን ሁለት ጊዜ አሸንፎት ስለ ነበረ አሠልጣኙ መጨነቃቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን ሚስተር ኒኮልሰን የተጋጣሚውን መሣሪያ ሲቀሙ፣ ሚስተር ጓርዲዮላ የገዛ ቤታቸውን ምሰሶ ነቀሉ። እኛ የምንለየው በዚህ ነው። ያሸነፈ አሠልጣኝ በዓይኑ ያየውን ቀዳዳ ለመድፈን ይለውጥ፤ ሥጋት ስለ ያዘው ብቻ፣ ቡድኑ የቆመበትን ነገር በዋዜማው አይንካ።

እኚሁ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ያደረጉት ደግሞ ከዚህ ይለያል። ያለ ቋሚ ሴንተር ፎርዋርድ ሊጉን ያሸነፉት ሰው በ2022 ኤርሊንግ ሃላንድን አስመጡ፤ ልጁ በሊጉ 36 ግብ አገባ። ፊት ላይ አንድ ሰው ሲቆም መሀሉ ሳሳ። ያን ለመሙላት በውድድሩ ሂደት ጆን ስቶንስ የተባለውን ተከላካይ፣ ቡድኑ ኳስ ሲይዝ ወደ መሀል ወጥቶ ከሮድሪ አጠገብ እንዲቆም አስለመዱት። ሚስተር ቻፕማን በ1925 ከመሀል ወደ ኋላ የወሰዱት ሰው ከ98 ዓመት በኋላ ወደ መሀል ተመለሰ ማለት ነው። ጁን 10 ቀን 2023 በኢስታንቡል ሲቲ ኢንተር ሚላንን 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ግቡን ያገባው በፖርቶ ከተቀያሪዎች ወንበር ሳይነሣ ያመሸው ሮድሪ ነበረ።

ሲቲ በ2024 ለአራተኛ ጊዜ በተከታታይ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ሮድሪ ጉልበቱን ተጎድቶ ተኛ። ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ባለው ጊዜ ቡድኑ ካደረጋቸው 13 ጨዋታዎች ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነው። ተጋጣሚዎቹ በሮድሪ ባዶ ቦታ እየሮጡ ያልፉ ነበር። አሠልጣኙም ያን ክረምት አንዱን በአንዱ ሲተኩ፣ አንዱን ካንዱ ሲያጣምሩ ቆዩ፤ በጃንዩዌሪ ገበያ ሲከፈትም አዳዲስ ተጫዋቾች ገዙ። ሲቲ ዓመቱን በሦስተኛነት ፈጸመ።