«የት ነው የምታድረው?»

ዱባይ ሥራ አገኘሁ ብዬ ለሰፈር ሰው ስናገር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነበር፤ «ስንት ይከፍሉሃል?» ጓደኞቼ ጠየቁ። አጎቴ ጠየቀ። ፀጉር አስተካካዬ ሳይቀር ምላጩን አንገቴ ላይ እንዳደረገ ጠየቀኝ። 3 ሺህ 500 ድርሃም ስላቸው ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ወደ ብር ይመነዝራል። ከዚያ ያፏጫል።

«የት ነው የምታድረው?» ያለችኝ እናቴ ብቻ ነበረች።

«ኧረ እማዬ፣ ዱባይ እኮ ነው! ቤት ይጠፋል እንዴ?» አልኳት፤ ሳቅኩባትም።

በመጀመሪያው ዓመቴ ሦስት ሰፈር ቀያየርኩ፣ አንድ መያዣ ተበላሁ፣ ከሥራ ልባረር ለጥቂት ተረፍኩ። ይህ ሁሉ የሆነው ያቺን ጥያቄ ንቄ በማለፌ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የጎረቤት ልጅ ሆቴል ሥራ አግኝቶ «ወንድሜ፣ እስቲ ሰፈር ምረጥልኝ» ብሎ ደወለልኝ። ለእሱ የነገርኩትን፣ ሻንጣ እያዘጋጃችሁ ላላችሁ ሁሉ ልንገራችሁ።

ደመወዙ ሦስት ቦታ ተቆርሷል

መጀመሪያ ውሉን በደንብ አንብቡ። የእኔ 3 ሺህ 500 ድርሃም አንድ ላይ የተጻፈ አልነበረም። 2 ሺህ «ቤዚክ» ወይም መነሻ ደመወዝ፣ 1 ሺህ የቤት፣ 500 የትራንስፖርት ተብሎ ተከፋፍሏል። «ምን ለውጥ አለው? ድምሩ ያው ነው» ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ግን በኤሚሬቶች ሕግ ሥራ ስትለቁ የሚሰጣችሁ የአገልግሎት ክፍያ የሚሰላው ከመነሻው ደመወዝ ብቻ ነው። ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት፣ በየዓመቱ የ21 ቀን ደመወዝ ነው። የእኔ በዓመት 1 ሺህ 400 ድርሃም ይመጣል ማለት ነው። 3 ሺህ 500ው በሙሉ መነሻ ቢሆን ኖሮ 2 ሺህ 450 ይሆን ነበር።

ሁለተኛው ነገር የቤቱ 1 ሺህ ድርሃም ነው። መሥሪያ ቤቱ «ከፈለግክ ለሠራተኛ ያዘጋጀነው ቤት ውስጥ ግባ፤ ካልፈለግክ ብሩን ውሰድ» አለኝ። እኔ አራዳው ብሩን ወሰድኩ። የእነሱ ቤት ውስጥ መብራቱም ውኃውም፣ ጠዋት ማታ የሚያመላልሰው ሰርቪስም በነፃ እንደሆነ ልብ አላልኩም። ገና ለገባ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት እዚያ ማሳለፍ ውርደት አይደለም። ከተማውን እስክታውቁ ድረስ ጊዜ ይሰጣችኋል።

ብሩን ይዛችሁ ስትወጡ ደግሞ ቤት መከራየት እንደ አዲስ አበባ የሁለት ወር ከፍሎ ቁልፍ መቀበል አይደለም። ውሉ በአብዛኛው የዓመት ነው፤ የሚከፈለውም ቀኑ ገና ባልደረሰ ቼክ ነው። ቼክ ለማግኘት የባንክ ሒሳብ፣ ለባንኩ የኤሚሬትስ መታወቂያ ያስፈልጋል። ለአፓርታማ መብራትና ውኃ ለማስገባት ብቻ 2 ሺህ ድርሃም መያዣ ይጠየቃል። ትናንት ከቦሌ ተነሥቶ የመጣ ልጅ ይህን ሁሉ ከየት ያመጣል? ስለዚህ የሁላችንም መጀመሪያ «ቤድ ስፔስ» ነው፤ ክፍል ሳይሆን አልጋ መከራየት።

ሻርጃ፦ ርካሹ አልጋ

ሦስት አልጋ ቀረበልኝ። አል ናህዳ የሚባለው ሰፈር ሻርጃ በኩል፣ 500 ድርሃም። ዴራ፣ ዩኒየን ሜትሮ ጣቢያ አጠገብ፣ 750። አል ባርሻ፣ ከሥራዬ ብዙ ሳይርቅ፣ 1 ሺህ። ሥራዬ ማሪና አካባቢ ሆቴል እንግዳ መቀበል ነው። ምን አሰብኩ? 500ውን ልያዝና ሌላውን 500 ለቤት ልላክ። በቃ፣ ሻርጃ ገባሁ።

ሻርጃ ከዱባይ ጋር የተጋጠመች ሌላ ኤሚሬት ናት። የራሷ ሕግ አላት፤ ለምሳሌ አልኮል ክልክል ነው። ከእኔ አልጋ እስከ ስታዲየም ጣቢያ 25 ደቂቃ በእግር፣ ከዚያ በአረንጓዴው መስመር እስከ ዩኒየን፣ ከዩኒየን በቀዩ መስመር እስከ ማሪና። ስደርስ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። መመለሻውም ያው ነው።

አንድ ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬን አውጥቼ ሒሳቡን ሠራሁት። በቀን አራት ሰዓት መንገድ ላይ ነኝ። ባርሻ ብኖር ደርሶ መልስ 40 ደቂቃ ይበቃኛል። በወር 26 ቀን እሠራለሁ። ልዩነቱ በወር ወደ 87 ሰዓት ነው!

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። የሜትሮ የ30 ቀን ትኬት ሁሉንም ዞን ለሚያቋርጥ 350 ድርሃም፣ በአንድ ዞን ውስጥ ለሚመላለስ 140 ነው። ስለዚህ «ካተረፍኩት» 500 ላይ 210ሩ ለትኬት ሄደ፤ ቀሪው 290። የሜትሮው ሰዓት ሲያልፍብኝ በታክሲ እገባለሁ፤ የዱባይ ታክሲ ሻርጃ ሲገባ ደግሞ 20 ድርሃም ይጨምራል። ለታክሲ በወር በትንሹ 200 አወጣ ነበር። ተረፈኝ የምለው 90 ድርሃም ሆነ። 90ን ለ87 ስታካፍሉት አንድ ሰዓት ዕድሜዬን በአንድ ድርሃም ሸጥኩ ማለት ነው። በአንድ ድርሃም ዱባይ ውስጥ አብራ በምትባለው ጀልባ ክሪኩን አንዴ ትሻገራላችሁ።

ይህም ሳያንስ ያን ጊዜ ሜትሮው እሑድ ሥራ የሚጀምረው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነበር። የእኔ ፈረቃ 1 ሰዓት ይገባል። የመጀመሪያውን እሑድ ጣቢያው በር ላይ እንደ ሞኝ ቆሜ አሳለፍኩት። ሁለተኛው ወር ላይ ሦስተኛ ጊዜ ስዘገይ፣ አለቃዬ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠኝና «ቀጥሎ ያለው ደብዳቤ የመጨረሻው ነው» አለኝ። በአገሩ ሥራ ማጣት መኖሪያ ፈቃድንም ማጣት ስለሆነ ደብዳቤው እጄ ላይ ከበደኝ።

ሻርጃን እየሰደብኩ አይደለም። ሥራው ሻርጃ ወይም አል ቁሳይስ የሆነ ሰው፣ ቤተሰብ ይዞ ሰፋ ያለ ቤት የሚፈልግ ሰው ይመቸዋል። ለእኔ ሥራ ግን የተሳሳተ ጫፍ ነበር።

ዴራ፦ የእኛ ሰዎች

ከዚያ ዴራ ገባሁ። ምን ልበላችሁ፣ ዴራ ስትገቡ ትንፋሻችሁ ይመለሳል። ከናይፍ እስከ አል ሪጋ ስትራመዱ አማርኛ ይሰማል። እንጀራ አለ፣ ቡና አለ፣ ወደ አገር ቤት ዕቃ የሚልክ ካርጎ አለ። ታምሜ ሁለት ቀን ስተኛ አጥሚት ያጠጣችኝ ሁላችንም «እትዬ» የምንላት የፎቃችን ሴት ናት። የባንክ ሒሳብ እንዴት እንደሚከፈት፣ የትኛው ክሊኒክ ኢንሹራንሴን እንደሚቀበል የነገሩኝም እዚያው ያገኘኋቸው ልጆች ናቸው። በቤት ሠራተኝነት የመጡ እህቶቻችን የሚኖሩት አሠሪያቸው ቤት ነው፤ የት ልኑር የሚለው ምርጫ የላቸውም። በዕረፍት ቀናቸው እትዬ ጋ መጥተው በቋንቋቸው ሲያወሩና ሲስቁ ሳይ፣ እኔ መምረጥ መቻሌ ራሱ ዕድል እንደሆነ ገባኝ።

ግን ክፍሉን ልንገራችሁ። አንዱ ሳሎን በጂፕሰም አራት ቦታ ተከፍሏል፤ «ፓርቲሽን» ይሉታል። የእኔ ድርሻ አልጋና ሻንጣ ይይዛል። መስኮቱ የደረሰው ለሌላ ልጅ ነው። 750 ኪራይና 500 መያዣ የተቀበለኝ የአገሬ ልጅ ነው። እሱ ከሌላ ሰው ተከራይቷል፤ ያ ሰው ደግሞ ከሌላ። በውሉ ላይ ያለው ስም የማን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። «ሀበሻ ሀበሻን አይበላም» ብዬ ነበራ!

በፈረንጆቹ ጁን 2025 የዱባይ ማዘጋጃ ቤት ያለ ፈቃድ የተሠሩ ፓርቲሽኖችን ማፍረስ ጀመረ። አል ሪጋ፣ አል ሙራቀባት፣ ሳትዋ፣ አል ራፋና አል ባርሻ ላይ ነበር ትኩረቱ። ምክንያቱ የእሳት አደጋ ነው፤ እውነት ለመናገር ልክ ናቸው። በኤፕሪል 2023 እዚያው ዴራ፣ አል ራስ በሚባለው ሰፈር አንድ ሕንፃ ተቃጥሎ 16 ሰው ሞቷል። እኛ ክፍል እሳት ቢነሣ በየት እንደምወጣ አስቤው አላውቅም ነበር።

አከራያችን አንድ ማታ መጣና «ሦስት ቀን አላችሁ» አለን። በአራተኛው ቀን ስለ መያዣዬ ስደውል ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። ደረሰኝ የለኝ፣ ውል የለኝ፣ ማን ጋ እከሳለሁ? 500ው ድርሃም ቀለጠ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቤተሰቤ ምን ያያል መሰላችሁ? የማሪናን ፎቅ። ከሥራ ስወጣ ውኃው ዳር ቆሜ ፎቶ እለጥፋለሁ፤ የሰፈር ልጆች «ኑሮ ማለት ይሄ ነው!» ይሉኛል። ለእናቴ በቪዲዮ የምደውለው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነበር፤ ፓርቲሽን ውስጥ ማታ ማውራት አይቻልማ። አንድ ቀን ዝም ብላ ስታየኝ ቆይታ «ልጄ፣ ሁልጊዜ ደረጃ ላይ ነው የምትኖረው?» አለችኝ። «ኔትወርኩ እዚህ ስለሚሻል ነው» ብዬ ዋሸኋት።

ባርሻ፦ ጸጥታው

አሁን አል ባርሻ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር አንድ ክፍል ተጋርተናል። አንዱ ኬንያዊ፣ አንዱ ኔፓላዊ ነው። 1 ሺህ ድርሃሙን እከፍላለሁ፤ ስሜ ከተከራዩ ጋር በአፕሊኬሽን ተመዝግቧል። ስምንት ሰዓት እተኛለሁ። በተመለሰልኝ ጊዜ የሆቴል ሒሳብ ሥራ ኮርስ ጀምሬያለሁ፤ እንግሊዝኛዬም ተሻሽሏል፤ አማርኛ የሚሰማኝ የለማ!

ይከብዳል ግን። የመጀመሪያው ወር በጸጥታው ልታመም ነበር። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ዴራ እሄዳለሁ፤ እትዬ ጋ ቡና ጠጥቼ፣ እንጀራ ይዤ እመለሳለሁ። የደረስኩበት ነገር ይኸው ነው፦ አልጋችሁ ለሥራችሁ ይቅረብ፤ ሰዎቻችሁን ደግሞ በሜትሮ ሂዱላቸው። በየቀኑ ወደ ሥራ አራት ሰዓት ከመጓዝ፣ በሳምንት አንዴ ወደ ዘመድ ሁለት ሰዓት መጓዝ ይሻላል።

ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ

የምሠራው የት ነው? የመሥሪያ ቤቱ ዋና ቢሮ ሳይሆን እናንተ የምትቆሙበት ቅርንጫፍ የት ነው? ፈረቃው ስንት ሰዓት ገብቶ ስንት ሰዓት ይወጣል? የመጀመሪያውና የመጨረሻው ባቡር ይደርስላችኋል? እሑድስ?

ኪራዩ የተመዘገበው በማን ስም ነው? ዱባይ ውስጥ የኪራይ ውል «ኤጃሪ» በሚባለው ሥርዓት ይመዘገባል፤ አብረው የሚኖሩ ሰዎችም «ዱባይ ሬስት» በተባለው አፕሊኬሽን ላይ መመዝገብ አለባቸው። አከራዩ «ችግር የለም፣ አታካብድ» ካላችሁ ችግር አለ። ለመያዣ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ለወንድማችሁም ቢሆን።

ስንት ሰው ይኖርበታል? መስኮትና መውጫው የት ነው? ሳታዩ ከአዲስ አበባ ሆናችሁ ብር አትላኩ። መጀመሪያ የአንድ ወር ብቻ ያዙ።

«ሜትሮ አጠገብ» ማለት በነሐሴ ስንት ደቂቃ ነው? ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራት በሕግ የተከለከለው በከንቱ አይደለም። በጥር 15 ደቂቃ የሆነ መንገድ በነሐሴ ሸሚዝ ያስቀይራል።

ፓስፖርቴ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው? መልሱ አንድ ነው፦ እናንተ ጋ። አሠሪ የሠራተኛ ፓስፖርት እንዳይይዝ በኤሚሬቶች ሕግ የተከለከለ ነው።

ባርሻ የገባሁ ዕለት ለእናቴ ደወልኩላት፤ በዚህ ጊዜ ከደረጃ ላይ አይደለም። «አልጋህን አሳየኝ» አለች። ስልኩን አዙሬ አሳየኋት። «መስኮት አለው?» አለው። «በሩስ ይቆለፋል?» ይቆለፋል። አብረውኝ ያሉትን ልጆች ሰላም አለቻቸው፤ እነሱም እጃቸውን አውለበለቡላት። ከዚያ ተደላድላ ተቀመጠችና፣ ከሄድኩ ለመጀመሪያ ጊዜ፣

«እሺ፣ አሁን ስንት እንደሚከፍሉህ ንገረኝ» አለችኝ።