ለውሻው የሚወረወረው ጉበት

በቢላ ከተማ የመስቀል ቅርጫ ሲታረድ ውሾች ከባለ መደቦቹ ቀድመው ይደርሳሉ። በሬው ተገፎ ሆዱ ሲከፈት፣ ጉበቱ ላይ አልፎ አልፎ ነጣ ያለ፣ ውሃ የቋጠረ ጉብታ ይገኛል። ቢላዋ ሲነካው ጥርት ያለ ውሃ ይፈናጠራል። ብልት አዋቂው ያን ክፍል ቆርጦ ወደ ዳር ይወረውረዋል፤ ውሻው መሬት ሳይነካ ይቀልበዋል። ማንም ያጠፋ አይመስለውም። የተበላሸውን ከሰው ማራቅ ደግ ጥንቃቄ ነውና።

ያ ውሃ ከየት መጣ? መልሱን ለማግኘት ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ወስዷል።

የጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም ሂፖክራተስ ውሃ የሞላበት ጉበት ሆድ ውስጥ ሲፈነዳ በሽተኛው እንደሚሞት ያውቅ ነበር። ግሪኮች ውሃ የቋጠረውን ነገር «ሃይዳቲስ» ይሉት ነበር፤ ፊኛን ወይም ከረጢትን ደግሞ «ኪስቲስ»። ዛሬ ሐኪሞቻችን በአልትራሳውንድ ወረቀት ላይ የሚጽፉት «ሲስት» ከዚህ የመጣ ነው። ቃሉ የሚናገረው ቅርጹን ብቻ ነው፤ መነሻውን አይናገርም። ኩላሊት ላይ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም፣ እንቁልጢ ላይ ያለውም ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል። «ሃይዳቲድ ሲስት» ግን ሌላ ነው። ሐኪሞች ለዘመናት አካሉ ራሱ ያጠራቀመው ፈሳሽ አድርገው ቆጥረውት ነበር።

በ1782 እ.ኤ.አ. ዮሐን ጎዘ የሚባል ጀርመናዊ ቄስ ከከረጢቱ ሥር የሚዘቅጠውን አሸዋ መሳይ ነገር በማይክሮስኮፕ አየው። እያንዳንዷ ቅንጣት ጭንቅላት ነበረች፤ እንደ ኮሶ ትል መምጠጫ ያላት፣ በዚያም ላይ የመንጠቆ አክሊል የደፋች። ግን አካል የለም፣ እንቁላልም የለም። የማይወልድ ጭንቅላት እንዴት በከብትና በሰው ውስጥ ይበዛል? በ1801 የተፈጥሮ ተመራማሪው ሩዶልፊ ኤኪኖኮከስ ብሎ ሰየመው፤ ጃርትና የፍሬ ቅንጣት ከሚሉ የግሪክ ቃላት። ስም ተገኘ፣ ምስጢሩ ግን እንዳለ ቀረ። መንገድ ስቶ የቀጨጨ ትል ነው ያሉም ነበሩ።

መልሱ የመጣው እኛ በየቅርጫው ከምናደርገው ነገር ነው። በ1852 እ.ኤ.አ. የእንስሳት ተመራማሪው ካርል ፎን ሲቦልድ ከእንስሳት የወጡ ከረጢቶችን ለውሾች አበላ። ቆይቶ አንጀታቸውን ሲከፍት ጥቃቅን ትሎች ተጣብቀው አገኘ፤ ርዝመታቸው ጥቂት ሚሊሜትር፣ ቁራጫቸው ሦስት ወይም አራት ብቻ። ጭንቅላቱ ያው ጎዘ ያየው ጭንቅላት ነው። የመጨረሻዋ ቁራጭ ደግሞ በእንቁላል ትሞላለች። የጠፋው አካል በሌላ እንስሳ ሆድ ውስጥ ኖሯል! በ1863 ናውኒን የሚባል ሐኪም ከሰው የወጣ ከረጢት ለውሻ አብልቶ ያንኑ ትል አገኘ። የሰውና የከብቱ በሽታ አንድ መሆኑ በዚያ ታወቀ።

እኔን በጣም የሚያስጨንቀኝ እዚህ ላይ ያለው ስህተታችን ነው። ኮሶን ከጥሬ ሥጋ ጋር ስለምናውቅ ጥፋቱን ሁሉ በጥሬ ሥጋ ላይ እንጥላለን። የሃይዳቲድ በሽታ ግን ጉበት በመብላት አይይዝም። ከረጢቱን የበላው ውሻ እንቁላሉን ከዓይነ ምድሩ ጋር ይጥላል፤ እንቁላሉ ሣርና ውሃ ላይ፣ ጓሮ ጎመን ላይ፣ በውሻው ጠጉርም ላይ ይቀራል። ከብቱ ከሣሩ ያገኘዋል፣ ቡችላ ሲያቅፍ የዋለ ሕፃን ከእጁ። ከዚያ በጉበት ወይም በሳንባ ውስጥ ለዓመታት ያለ ሕመም ያድጋል። ከረጢቱ ቢፈነዳ ፈሳሹ ሰውነትን በድንገት አናውጦ ሊገድል፣ ውስጡ ያሉት ጭንቅላቶችም ሌላ ቦታ ሊበቅሉ ይችላሉ። ስለዚህ ማንም በግምት ሊወጋው አይገባም፤ ሐኪሙ እንደ ደረጃው አልቤንዳዞል ይሰጣል፣ በአልትራሳውንድ እየተመራ በመርፌ ይቀዳል፣ ቀዶ ሕክምና ያደርጋል፣ ወይም እየተከታተለ ይጠብቃል።

በነቀምቴ ማዘጋጃ ቤት ቄራ የተደረጉ የእንስሳት ሕክምና ጥናቶች ከረጢቱን በከብቶች ሳንባና ጉበት ላይ አግኝተውታል። በደቡብ ኦሞ በዳሰነችና በኛንጋቶም አርብቶ አደሮች ዘንድም ከታወቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል።

አይስላንድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ በሽታ ክፉኛ ትሰቃይ ነበር። ዴንማርካዊው ሃራልድ ክራቤ በ1863 ሄዶ የውሾቹን አንጀት መረመረ፤ በዓመቱ የጻፈው ትንሽ መጽሐፍ ለሕዝቡ ታደለ፤ የታመመ የውስጥ ዕቃ ለውሻ እንዳይሰጥ የሚል ነበር። ዛሬ በሽታው ከዚያች ደሴት ጠፍቷል።

እኛም በቢላ ከተማ የሚያስፈልገን ዶማ ነው። ጉድጓዱ በሬው ሳይጣል ይቆፈራል፣ ውሻ ጭሮ እንዳያወጣው ጠለቅ ይላል፤ ውሃ የቋጠረው ጉበትና ሳንባ እዚያ ገብቶ አፈር ይለብሳል። ውሾቹም ለእንስሳት ሐኪም ቀርበው ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት ይዋጡ። ቅርጫው የሚከፋፈለው ከዚያ በኋላ ነው።